የአባቴ መንዙማና ዘፈን ተደባለቀ፤ የትኛውን ማጫወቻ ልግዛላቸው?

ጥያቄ፦ «አባቴ የሚኖሩት ከውጫሌ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ፊደል አልቆጠሩም፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ቁጥር ግን ከስልክና ከብር ለይተው ያውቃሉ። መንዙማና የጥንቱን አምባሰልና ባቲ ሳይሰሙ አይተኙም። ቴፓቸው ከተበላሸ ወዲህ ከደሴ ትንሽ ስክሪን ያላት ኤምፒ3 ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ስክሪኗ ላይ የሚታየው ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው፤ ዘፈኑና መንዙማው ተደባለቀባቸውና «ይችስ ታሾፍብኛለች» ብለው ሰቀሏት። ከወራት በኋላ ሲያነሷት ጨርሶ አልበራ አለች። አሁን ሌላ ልገዛ ስል ሻጩ 64 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ባለ ንክኪ ስክሪን ውሰጂ ይለኛል፤ ወንድሜ ደግሞ ሚሞሪ የሚያነብ ሬዲዮ ይበቃቸዋል ባይ ነው። ቤቱ መብራት አልገባም፤ ያለው የሶላር መብራት ነው። አባቴ ራሳቸው በሠርግና በመውሊድ የቀዷቸው ካሴቶችም አሉ። ማንን ልስማ?» — ልጃቸው፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ ወንድምሽን ስሚ። ሻጩ የሚቆጥርልሽ ጊጋ ነው። አባትሽን ያስቸገራቸው ግን የጊጋ ማነስ አይደለም፤ የያዙት ዕቃ ምን ላይ እንዳለ በጣታቸው ማወቅ አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ ዕቃውን ዓይንሽን ጨፍነሽ ምረጪ፤ የምራችንን ነው። ሱቁ ውስጥ በአንድ እጅሽ ያዢው፣ ጨፍኚና አብሪው፣ አጫውቺ፣ ወደሚቀጥለው እለፊ፣ ድምጽ ጨምሪ፣ አጥፊው። አንዱን እንኳ ከተሳሳትሽ አባትሽም ይሳሳታሉ። በተለይ አንዱ ቁልፍ በአጭሩ ሲጫኑት ዘፈን የሚያሳልፍ፣ ሲቆዩበት ደግሞ ድምጽ የሚጨምር ከሆነ ተይው። ርካሽ ማጫወቻዎች እንዲህ የሚሠሩት ቁልፍ ለመቆጠብ ነው፤ ድምጽ ልጨምር ያለ ሽማግሌ ግን ሦስት ዘፈን አሳልፎ ያገኘዋል።

ንክኪ ስክሪኑን እርሺው። ስክሪኑ የሚሠራው ጣት ሲጠጋው በሚፈጠር ረቂቅ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው፤ ዕድሜ ልኩን እርፍ የጨበጠ፣ የደረቀና የጠጠረ ጣት ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ሲሰማውም ያልተፈለገው ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ስክሪኑ አይታይም።

ሚሞሪና ፍላሽ የሚያነቡት ትንንሽ ሬዲዮዎችም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አይደሉም። ከመግዛትሽ በፊት የጀርባውን ክዳን ክፈቺ። በድሮዎቹ ባለ ቁልፍ የኖኪያ ስልኮች ውስጥ የነበረው ቢኤል-5ሲ ባትሪ ካለበት እሰየው፦ 3.7 ቮልት፣ የሚይዘው 1,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ፣ ሲደክም በጥፍር ነቅለሽ በሌላ የምትተኪው። ባትሪው በሊድ ተበይዶ ውስጥ የተዘጋ ከሆነ ግን የዕቃው ዕድሜ የባትሪው ዕድሜ ነው። በቢኤል-5ሲ መጠን «3,000» የሚል ጽሑፍ ካየሽ ደግሞ ጽሑፉ እየዋሸሽ ነው፤ በዚያች ስፋት ውስጥ ያን ያህል አይገባም።

ሁለተኛ፣ የኢርፎን ቀዳዳ ይኑረው፤ ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ቁጥር የሚያሳይ መስኮትና ከተገኘም እንደ ስልክ ያለ የቁጥር ቁልፍ ይኑረው። አባትሽ ቁጥር ካወቁ 12 ብለው መትተው የሚወዱትን ያገኛሉ። አራተኛውን ሻጭ አይነግርሽም፦ ጠፍቶ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው ይነሣል? መንዙማ አንዳንዴ አንዱ ፋይል ብቻ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ማታ አጋማሹ ላይ አጥፍተው የተኙትን በነጋታው ከ«አንድ» የሚጀምር ዕቃ ያሰለቻል። ረዘም ያለ ፋይል አስከፍቺ፣ አምስት ደቂቃ አስኪጂው፣ አጥፍተሽ አብሪው፤ ያኔ ይታያል።

ጅዳ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ አሮጌ አይፖድ ልላክ ቢል አመስግነሽ ለራስሽ ተቀበዪው። አፕል ከ2001 ጀምሮ ሲያመርተው ኖሮ በ2022 ያቆመው ዕቃ ነው (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። እንደ ፍላሽ ዘፈን ገልብጠሽ የምትሄጂበት አይደለም፤ አይቲዩንስን የመሰለ የአፕል ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ባትሪውም የታሸገ ነው። ለገጠር አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ወደ መደባለቁ እንምጣ። ሳጥን ሳጥን የሚታየው ማጫወቻው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስላልተጫነ ነው። የፋይሉን ስም በላቲን ብትቀይሪውም ላይለቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ የሚያሳዩት የፋይሉን ስም ሳይሆን ዘፈኑ ውስጥ የተቀመጠውን የርዕስ መረጃ ነው። ማንበብ ለማይችሉ አባት ግን ስሙን በማስተካከል ጊዜ አታጥፊ። ቅደም ተከተሉ ላይ ሥሪ።

ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ዘፈን የሚያሰልፉት በፊደል ተራ አይደለም፤ ሚሞሪው ላይ በተጻፉበት ተራ ነው። ቀድሞ የተገለበጠው ቀድሞ ይጫወታል። ሱቅ ሄደሽ «መንዙማም ዘፈንም ሙላልኝ» ስትዪ ልጁ ሁሉን በአንዴ ኮፒ ያደርገዋል፤ ኮምፒውተሩ በመሰለው ተራ ይጽፈዋል። ኋላ ላይ አንድ ዘፈን አጥፍተሽ ሌላ ብትጨምሪ ደግሞ አዲሱ የጠፋው በነበረበት ክፍት ቦታ ይገባና መንዙማ መሐል ዘፈን ብቅ ይላል። አባትሽ ያሾፍብኛል ቢሉ አይፈረድባቸውም።

መፍትሔው ይህ ነው። ፍላሹን ፎርማት አድርጊ፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ አጥፍተሽ እንደ አዲስ አዘጋጂው፤ የፋይል አቀማመጡን ዓይነት ፋት32 በዪው። ፋይሎቹን በኮምፒውተርሽ ላይ 001፣ 002፣ 003 እያልሽ ሰይሚ። 1፣ 2፣ 3 ካልሽ በስም ተራ የሚያሰልፉት ማጫወቻዎች 1፣ 10፣ 11፣ ከዚያ 2 ይላሉ፤ ዜሮዎቹ ለዚህ ነው። ከዚያ በተራቸው ገልብጪ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትጀምሪ። መጨመር ስትፈልጊ መሐል ላይ ከመነካካት እንደገና ፎርማት አድርገሽ ሁሉንም ብትገለብጪ ይቀላል። የተጻፉበትን ተራ ሳይገለበጡ የሚያስተካክል ድራይቭሶርት የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራምም አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን መንዙማውንና ዘፈኑን አንድ ላይ አለማስቀመጥ ነው። ሬዲዮው የፍላሽ መሰኪያ ካለው ሁለት ፍላሽ ግዢ፦ ነጩ መንዙማ፣ ቀዩ ዘፈን። ቀለሙ ለዓይናቸው ካልታየ በአንዱ ቀዳዳ ወፍራም ክር እሰሪበት፤ በጨለማም በዳሰሳ ይለዩታል። ፍላሹ አጭሩ ዓይነት ይሁን፤ ረጅሙ ኪስ ውስጥ ሲጫን መሰኪያውን ይሰብራል። ሚሞሪ ካርድ ከሆነ ግን ከጥፍር የማይበልጥ ነገር ነውና እንዲቀያይሩት አትፍረጂባቸው፤ አንድ ጊዜ ሣር ላይ ከወደቀ ወዲያ የለም።

ስለ መጠኑ ጥቂት እንበል። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ 8 ጊጋ ከ130 ሰዓት በላይ ነው፤ አባትሽ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሰሙ ሳይደገም ከወር በላይ ይሄዳል። 64 ጊጋ ምን ያደርግላቸዋል? ጉዳትም አለው። ብዙ ትንንሽ ማጫወቻዎች ከ32 ጊጋ በላይ አይቀበሉም፤ 64ቱ ኤክስፋት በሚባል አሠራር ፎርማት ሆኖ ስለሚመጣ ዕቃው «ካርድ የለም» ይልሻል።

ርካሽ የሆነው 64 ጊጋ ደግሞ ፎርጅድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 64 ነኝ እንዲል የተደረገ ካርድ አለ። መጀመሪያ ላይ ደህና ይሠራል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም የትም ሳይጻፍ ይቀራል፤ ስሙ ይታያል፣ ድምጹ የለም። በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው፣ በሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ባዶውን ካርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽፈው መልሰው በማንበብ እውነቱን ያወጡታል። ፎቶና ዘፈን ከመጫንሽ በፊት አስፈትሺው፤ ፈተናው የሚሠራው ባዶ ካርድ ላይ ነው።

አንዳንድ ዘፈን ከተዘለለ ደግሞ ካርዱን ከመውቀስሽ በፊት የፋይሉን ዓይነት እዪ። በስልክ የተቀዳ ድምጽ አብዛኛውን ጊዜ ኤም4ኤ ወይም ኤኤምአር ነው፣ የቴሌግራም የድምጽ መልእክት ደግሞ ኦጂጂ። ትንሹ ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ ኤምፒ3ና ዋቭ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያላወቀውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። የስሙን ጭራ ኤምፒ3 ብሎ መቀየር ምንም አይለውጥም፤ በፕሮግራም መቀየር አለበት። በ128 የመጣን ዘፈን ወደ 320 አድርጎ ጥራት ጨመርኩልሽ የሚልሽም ቦታ አስበላሽ እንጂ የጨመረልሽ የለም።

የሞተችዋን ኤምፒ3 አትጣያት። መጀመሪያ ጎኗ ላይ የመቆለፊያ ተንሸራታች ካለ እዪ፤ «ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡት ውስጥ በስህተት የተቆለፉ አሉ። እሱ ካልሆነ ባትሪዋ ባዶ ሆኖ ወራት ስለተሰቀለ ነው። የሊቲየም ባትሪ ጠፍቶም ቢሆን ቀስ በቀስ ይፈሳል፤ ከተወሰነ ቮልት በታች ሲወርድ የባትሪው መከላከያ ራሱን ይዘጋል። በሌላ ኬብል ሰክተሽ ምንም ባይታይም ሁለት ሰዓት ያህል እያየሻት አቆያት፤ አንዳንዷ ትነሣለች። ሆዷ ካበጠ ወይም ከጋለች ግን ወዲያው ንቀያት፤ አትብሷት፣ አትክፈቷት። ወደፊት የሚቀመጥ ዕቃ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ፣ በየሁለት ወሩም ትንሽ ቻርጅ ይደረግ።

ሶላሩ በቂ ነው። የዩኤስቢ መውጫ ካለው የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፤ ለሬዲዮውም የሚያስፈልገው ያው ነው። ሰው የሚሳሳተው መብራቱን ከነተሰካው ዕቃ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣው ነው። ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ሬዲዮው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞላ ዕድሜው ያጥራል፣ በቆርቆሮ ላይ የተጣደ ጥቁር ዕቃ ደግሞ ይህን ለማለፍ ብዙ አይፈጅበትም። ፓወር ባንክ ከሆነ የምትልኪላቸው ሌላ ነገር አለ፦ አንዳንዱ የሚወሰደው ኮረንቲ ትንሽ ሲሆንበት «ማንም አልተሰካም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ዕቃውንና ፓወር ባንኩን አብረሽ ሳትሞክሪ አትላኪ።

የታይፕ-ሲ ቀዳዳ ያለው ርካሽ ዕቃ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ-ሲ በሆነ ኬብል አልሞላ ካለ አልተበላሸም። ለቻርጀሩ «እዚህ ነኝ፣ ስጠኝ» የሚሉ ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ሳይገቡበት ቀርተዋል። አንዱ ጫፍ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ በሆነ ኬብል ሰክተሽ ሞክሪ፤ ይሞላል። በሶላር የሚሞላው ዕቃ ስለሆነ ለአባትሽ የሚያስፈልጋቸውም ይኸው ኬብል ነው፤ ሁለት አድርገሽ ላኪ። ዘፈን ለመጫን ስትፈልጊ ኮምፒውተሩ ዕቃውን ካላየው ደግሞ ኬብሉ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ፣ የመረጃ ሽቦ የሌለው ሊሆን ይችላል።

ኢርፎን ላይ ብዙ አንልም። ሙዚቃው እየተሰማ ዘፋኙ ከጉድጓድ የሚጮህ ከመሰለ ሶኬቱ እስከ መጨረሻው አልገባም፤ ከቀዳዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት አውጪ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳያልፍ ነው፤ በተግባር፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ከኢርፎናቸው ዘፈኑን ከሰማሽው በዝቷል።

ካሴቶቹን ግን ከሁሉ አስቀድሚ። ሬዲዮ ነገም ሱቅ አለ፤ አባትሽ የቀዱት መውሊድ ሌላ ቦታ የለም። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ካሴት የላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪ፤ ማንም በስህተት ቀይዋን ቁልፍ ቢጫን አይቀዳበትም። ከፊት በኩል ገልብጠሽ ስታዪው ከክሩ ጀርባ ያለችው የሱፍ ትራስ ወድቃ ከሆነ ድምጹ ይደክማል፤ ከሌላ የማይፈለግ ካሴት ነቅሎ መተካት ይቻላል።

ደህና የሚሠራ ቴፕ ተዋሺ። ሄዱን (ድምጹን ከክሩ የሚያነበውን ክፍል)፣ ክሩን የሚስበውን ቀጭን ብረትና ክሩን በብረቱ ላይ የምትጫነውን ጎማ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ጥረጊ፤ ቤት ያለው አረቄ አይሆንም፣ ውኃው ይበዛል። እስኪደርቅ ጥቂት ቆዪ። ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ በሁለት በኩል ሶኬት ባለው ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ የድምጽ መግቢያ አገናኚ። ላፕቶፕሽ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምጽ ካርድ ግዢ። ስልክ ስፒከሩ ፊት አስቀምጦ መቅዳት ይቀላል፤ የጎረቤት ዶሮም አብሮ ይቀዳል እንጂ።

ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት አድርጊው። የቴፑን ድምጽ ከሲሶ ጀምረሽ ጨምሪ፤ ድቤው ሲመታና ጭብጨባው ሲደምቅ የድምጽ መለኪያው ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ዜሮን ከነካ ድምጹ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አይመለስም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። መጀመሪያ በዋቭ፣ ሳይጨመቅ፣ አስቀምጪው። በስቴሪዮ አንድ ሰዓቱ 600 ሜጋ ያህል ነው። ከዚያ ለፍላሹ በ128 ኤምፒ3 አውጪ። ዋቩ በአንቺም በወንድምሽም ዘንድ ይቀመጥ። ከበስተኋላ ሽሽ የሚለውን ድምጽ ለማጥፋት ብዙ አትድከሚ፤ ማጽጃው ሲበዛ ጭብጨባውን ይበላና ድምጹን ውኃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር ሊገጥምሽ ይችላል፦ የአንዱ ካሴት ድምጽ ፈጥኖና ቀጥኖ ይሰማል። ሲቀዳ የቴፑ ድንጋይ ደክሞ ነበር ማለት ነው። ክሩ ያኔ ቀስ ብሎ ስለሄደ አሁን በልኩ ሲጫወት ይሮጣል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል። ኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነቱንና ቅላጼውን አንድ ላይ የሚቀንሰውን መሣሪያ ተጠቀሚ፤ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀይረው አይረዳም። ከሦስት ወይም ከአራት በመቶ ጀምረሽ ዝቅ አድርጊ። ልኩን የሚያውቁት አባትሽ ናቸውና ይህን ሥራ ላፕቶፑን ይዘሽ እሳቸው ዘንድ ሄደሽ ሥሪው፤ ድምጹ የማን እንደሆነና በማን ሠርግ እንደተቀዳ የሚነግሩሽንም እዚያው በፋይሉ ስም ላይ ጻፊው።